የእድሩ ቁልፍና የስታዲየሙ ቀን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ባለፈው ጉባኤ አብረውን ተቀምጠው ዛሬ ቦታቸው ባዶ የሆነውን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር እላለሁ።

እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። ትምህርቴም ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የጨረስሁት በመዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ከእድራችን መዝገብ በቀር የያዝሁት መዝገብ የለም። ስለዚህ ንግግሬ ቢንዛዛ ወይም ቢዘበራረቅ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ።

እንደሚታወቀው ባለፈው ጉባኤ ወጣት አባሎቻችን «በእድሩ አዳራሽ ቴሌቪዥን ይሰቀልልንና ኳስ እንይበት» የሚል ማመልከቻ አስገብተው ነበር። ገሚሱ ሰው «የለቅሶ ቤት የጭብጨባ ቤት አይሆንም» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ልጆቹ መጠጥ ቤት ገብተው ከሚያዩ እዚሁ ዓይናችን ሥር ቢያዩ ይሻላል» አለ። ክርክሩ ሲበዛ ነገሩ ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴውም «አንተ አዲስ አበባ ስታዲየም ሁለት ጊዜ የገባህ ሰው ነህና፣ የጨዋታ ቀን ስታዲየም ምን እንደሚመስል ለአባላቱ ንገር፤ ከዚያ በኋላ እንወስናለን» ብሎ አዘዘኝ።

እኔም እሺ ብያለሁ። እሺ ያልሁት ግን ስለ ስታዲየሙ ለመናገር ብቻ አይደለም። ከዚያው ጋር ተያይዞ ለዚህ እድር ልናገረው የሚገባኝ፣ ከ37 ዓመት በላይ በሆዴ ይዤው የኖርሁት ነገር አለ። እሱን በስፍራው አመጣዋለሁ።

በመጀመሪያ ስታዲየሙን ላላዩት ልግለጽ። ልጆቻችን የማድሪዱን ሳንቲያጎ በርናቤውና የባርሴሎናውን ካምፕ ኑ በቴሌቪዥን አይተው በራቸውንና ወንበራቸውን ሳይቀር ያውቁታል። በእኛ አቆጣጠር በርናቤው በ1940፣ ካምፕ ኑ በ1950 ዓ.ም. የተከፈቱ ናቸው። ታሪክ ያላቸው ቤቶች መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን እኛም ከሞጆ ማዶ፣ አንድ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ፣ የራሳችን ባለታሪክ ስታዲየም አለን። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ይገኛል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተሠራ ሲሆን ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር። 35,000 ያህል ሰው ይይዛል ሲባል ኖሯል።

መቀመጫው ሁሉ ስም አለው። ለከበሬታ እንግዶች ክቡር ትሪቡን አለ። ገንዘብ ላለው ሰው ጥላ ፎቅ አለ፤ እንደ ስሙ ከፀሐይና ከዝናብ ያስጥላል። ከዚያ ወዲያ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ የሚባሉ አሉ። አንድ ሰው የት እንደሚቀመጥ ከነገራችሁ የኪሱን ሁኔታ ነገራችሁ ማለት ነው። ደግሞም የለመደው ሰው ቦታውን አይለውጥም። ዘንድሮ ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ ካታንጋ ያደገ ሰው ጥላ ፎቅ ሲቀመጥ የሰው ቤት የገባ ይመስለዋል አሉ።

በዚህ ሜዳ ላይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በላ። ያን ጊዜ እኔ የ3 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ያወቅሁት በኋላ ካየሁትና ካነበብሁት ነው። ውድድሩ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነበር፤ የቀረቡትም አራት አገሮች፣ ማለት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ነበሩ። የእኛ ቡድን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ሲጫወት ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ወጣ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አግብተው 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ለቡድኑ አምበል ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡት። ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማቾች ናቸው።

ያን ቡድን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ፣ በኋላም ፕሬዚዳንቱ ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ያረፉት በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ነው። ይህን ወር ያዙልኝ፤ እኔ ስታዲየም ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት ከዚያ ከአራት ወር ያህል በኋላ ነውና።

ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ የሚባለው ውድድር በአዲስ አበባ ይካሄድ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የ29 ዓመት ሰው ነኝ። እዚሁ አረርቲ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት እሠራ ነበር። በእድራችን ደግሞ ንብረት ያዥ ነበርሁ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ አንድ ብቻ ነበረች፤ እሷም በእኔ እጅ ነበረች። በሲባጎ አስሬ በሱሪ ኪሴ ነበር የምይዛት። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ ብረት ድስቱ፣ ኩባያው፣ የመቃብር መቆፈሪያው ዶማና አካፋ ሳይቀር ይገኛል።

አለቃዬ ሰነድ አስይዞ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። ለሁለት ቀን ነበር። ስነሣ ቁልፏን ለዳኛችን ሰጥቼ መሄድ ነበረብኝ። ደንቡም እንደዚያ ይላል። እኔ ግን «ሁለት ቀን ምን አላት» ብዬ ይዣት ሄድሁ።

ሰነዱን አድርሼ ፈርመው ተቀበሉኝ። በማግሥቱ በጠዋቱ አውቶቡስ መመለስ ይገባኝ ነበር። ማታ ያረፍሁበት የዘመድ ቤት ወሬው ሁሉ ኳስ ነው። ኢትዮጵያና ዚምባብዌ ለፍጻሜ ደርሰዋል፤ ጨዋታው ነገ ነው። የዘመዴ ልጅ «ጋሼ፣ ከአረርቲ ድረስ መጥተህ ይህን ሳታይ ልትመለስ ነው?» አለኝ። አንድ ቀን ብጨምር ማን ያውቃል አልሁና ቀረሁ።

እንግዲህ የጨዋታ ቀን ስታዲየም ማለት እንዲህ ነው። ጨዋታው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰው ግን ከጠዋት ጀምሮ አጥሩን ከቦታል። ሰልፉ ጭራው አይታይም። ሰልፍ ውስጥ ሆኖ ሰው ይተዋወቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ሱፍና ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ ልጆች በመካከል ይሽሎከለካሉ። በጋዜጣ ባርኔጣ የሚሠራ ሰውም አየሁ። በሩ ሲከፈት የሚገፋው ሕዝብ እግራችሁን ከመሬት ያነሣዋል። እኔ ካታንጋ ነበር የገባሁት። ወደ ውስጥ ብቅ ስል መጀመሪያ ያየሁት ሜዳውን ነው። የምንጃር ሰው ነኝና አረንጓዴ ማሳ አላጣሁም፤ ግን ያን ያህል ሕዝብ የከበበው አረንጓዴ ነገር አይቼ አላውቅም። ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው «ወንድም፣ ተቀመጥ እንጂ፤ ገና ነው» አለኝ።

አጠገቤ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ተቀምጦ ነበር። ቆሎውን ዘርግቶ «ብላ» አለኝ። የት አገር ሰው እንደሆንሁ ጠየቀኝ። አረርቲ ስለው «የጤፍ አገር!» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቤት እንዳደግን ሆንን። ወጣቶች ሆይ፣ ያ ዘመን በየቤቱ የዘማች ወሬ የሚጠበቅበት ዘመን ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው። ስታዲየም ውስጥ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር። በሥራም፣ በስብሰባም፣ በገበያም ሰው እንዲያ አንድ ሲሆን አላየሁም። እንዲያ ሆኖ ያየሁት በለቅሶ ብቻ ነው።

ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀና ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ሄደ። ያን ሰዓት ሕዝቡ ዝም አለ። ያን ያህል ሺህ ሰው ዝም ሲል ያስፈራል። አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ጎረቤቴ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ ይጸልያል። በመጨረሻም ኢትዮጵያ አሸነፈች። እኔ ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት ልነግራችሁ አልችልም። ጮኽሁ፤ ዘለልሁ፤ አለቀስሁ። ያ ሰው አቅፎ ከመሬት አነሣኝ። ከዚያ ድንገት አወረደኝና ጎኑን እያሻሸ «ምንድን ነው የሚወጋኝ?» አለ። ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። «የእድር ቁልፍ ነው» አልሁት።

ሳቀ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ከበድ አለና «የእድር ቁልፍ ይዘህ ነው ስታዲየም የመጣኸው? ሰው ቢሞትስ?» አለኝ።

እኔም በደስታ ስካር «ዛሬስ ሰው አይሞትም!» አልሁት።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህን ስናገር እዚህ አረርቲ የአንድ አባላችን ቀብር ተፈጽሞ ነበር።

ሟች የሰፈራችን አናጢ ነበሩ። ስማቸውን ባልጠራም ትልልቆቹ ታውቋቸዋላችሁ። በሌሊት አርፈው ጡሩምባ ተነፋ። ሕዝቡ ወጣ። ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል። ቤቴ ሰው ቢላክ «አዲስ አበባ ነው፤ ዛሬ ይመጣል» አለች ባለቤቴ። የጠዋቱ አውቶቡስ እስኪገባ ተጠበቀ፤ እኔ የለሁበትም። መቆፈሪያው ከየቤቱ ተለምኖ መጣ። ወቅቱ የውቂያ ጊዜ ነው፤ ሰው ከአውድማ ወደ ለቅሶ በቀጥታ የመጣ ነው። የታኅሣሥን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ጥላ በሌለበት ያ ሁሉ ሰው መሬት ተቀመጠ። ባለቤታቸው በሰሌን ላይ ፀሐይ ላይ ዋሉ። ከቀብር መልስ ዳኛችን ቁልፉ በመጥረቢያ እንዲሰበር አዘዙ፤ ድንኳኑም የተተከለው ቀኑ ከመሸ በኋላ ነው። በዕቃ ቤቱ ውስጥ የተቆለፈባቸውን አግዳሚዎች ደግሞ ለእድሩ ያለ ዋጋ የሠሩት ሟች ራሳቸው ነበሩ።

እኔ በማግሥቱ ደረስሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ ነበር የሰማሁት። በቀጥታ ወደ ለቅሶው ቤት ሄድሁ። ስደርስ የተሰበረውን ቁልፍ ዳኛችን በእጃቸው ይዘውት ነበር። «ምን ሆነህ ቀረህ?» አሉኝ። እኔም «መኪናው ሞጆ ላይ ተበላሽቶብን አደርን» አልሁ።

ውሸቴ ይኼ ነው። በዚህ አላበቃም። ዳኛችን ትክ ብለው አይተውኝ «ታዲያ ጨዋታውን ሞጆ በራዲዮ ሰማኸው?» አሉኝ። ያን ዕለት ደምሴ ዳምጤ በራዲዮ ሲያስተላልፍ አገር ሁሉ ይሰማ ነበርና የማይጠየቅ ጥያቄ አልነበረም። «አዎ፣ ሞጆ ነው የሰማሁት» አልሁ። እሳቸው ሌላ አልጨመሩም።

ከዚህ ሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። ስታዲየም ስጮህ ስለዋልሁ ድምፄ ፈጽሞ ተዘግቶ ነበር። ወደ ባለቤታቸው ቀርቤ «እግዜር ያጽናዎት» ለማለት ስሞክር ድምፅ አጣሁ። እሳቸው ታዲያ እጄን ይዘው ለሰው ሁሉ እንዲህ አሉ፦ «እዩልኝ፣ መንገድ ላይ ሰምቶ ሲያለቅስ ድምፁ ተዘግቶ መጣ። ወንድሜ፣ እግዜር ብድርህን ይክፈልህ።» ሕዝቡም በርኅራኄ አየኝ። እኔም ዝም አልሁ።

በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ በደንቡ መሠረት 5 ብር እንድቀጣ ተነሣ። ዳኛችን «መኪና ለተበላሸበት ሰው ቅጣት የለም፤ እንዲያውም ድምፁ እስኪዘጋ አልቅሷል ተብሏል» አሉና ቅጣቱ ተነሣልኝ። ቃለ ጉባኤው በመዝገባችን ውስጥ አለ። የጻፍሁትም እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ጸሐፊው ታምሞ ስለነበር እኔ ጻፍሁት። በራሴ እጅ «በአሳማኝ ምክንያት» ብዬ ጽፌአለሁ።

በ1981 ዓ.ም. ጉባኤ ላይ ለዕቃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ እንዲሠራ፣ ሁለቱንም ሁለት ሰዎች በተለያየ ቤት እንዲይዙ ሐሳብ አቀረብሁ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ፤ «አርቆ አሳቢ» አለኝ። ከየት እንዳመጣሁት ግን አልተናገርሁም። አሁን ልናገር፤ ከስታዲየም ነው ያመጣሁት። የኳስ ቡድን ተቀያሪ ሳይዝ ሜዳ አይገባም። በረኛው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከሜዳው ዳር ሌላ በረኛ ጓንቱን ይዞ ተቀምጧል። «እኔ አልጎዳም» የሚል በረኛ የለም። እኔ ግን አንድ ቁልፍ ይዤ «ዛሬስ ሰው አይሞትም» ያልሁ ሰው ነኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስታዲየም የገባሁት ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ብሔራዊ ቡድናችን በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር ይጫወት ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። በሜዳችን 2 ለ 0 ብናሸንፍ እናልፋለን፤ ጎል ከገባብን ግን ሒሳቡ ይበላሻል። ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሳንገባ 31 ዓመት ሆኖን ነበር።

ልጄ «አባዬ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። ያን ጊዜም ከቁልፎቹ አንዷ በእኔ እጅ ነበረች። እንደ ፊተኛው አላደረግሁም። ከመነሣቴ በፊት ቁልፏን ለተተኪው አስረክቤ አስፈረምሁ። ለዳኛው «ስታዲየም ልሄድ ነው» ብዬ በግልጥ ተናገርሁ። የልጄንም የስልክ ቁጥር ጽፌ ተውሁ። ዳኛው ሥቀው «ለኳስ ይህን ያህል ርክክብ!» አሉ። ምክንያቱን ቢያውቁ ባልሣቁ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሰልፍ ገባን፤ ከእኛ ቀድሞ ያደረ ሕዝብ ነበር። ባንዲራ ያለበሰ ሰው፣ ፊቱን ቀለም የተቀባ ወጣት፣ እናት ከልጆቿ ጋር፣ ሁሉም አለ። በ1980 ያየኋቸው ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ አሁን ብዙ ናቸው። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰኢድ አንድ አገቡና 2 ለ 0 አሸነፍን። በሰው ሜዳ ያገባነው ጎል በልጦ አለፍን። ልጄ በትከሻዬ ላይ ሲዘል እጄ ሳይታወቀኝ ወደ ኪሴ ሄደ። ኪሴ ባዶ ነው። ቁልፉ አረርቲ ነው። ያኔ ነው ከልቤ የጮኽሁት። ያን ቀን በሰፈራችን ማንም አልሞተም፤ ቢሞትም ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከል ነበር።

ስታዲየሙ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል። የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ያወጣውን መለኪያ ባለማሟላቱ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ተከልክሎ ወደ ዕድሳት ገባ። ብሔራዊ ቡድናችንም የሜዳዬ የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር እስከማድረግ ደረሰ። ይኼ የራሱ ቤት እያለው በጎረቤት ቤት ለቅሶ እንደሚቀመጥ ሰው መሆን ነው። ቤት በጊዜው ካልተጠገነ እንዲህ ያደርጋል። የእኛም አዳራሽ ጣሪያ ማፍሰስ መጀመሩን ኮሚቴው በሪፖርቱ ገልጿልና ነገሩ ከዚህ ጋር ይታሰብልኝ።

የጨዋታ ቀን ስታዲየም ለምትሄዱ ወጣቶች ካየሁት ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፣ በጠዋት ሂዱ። የዘገየ ሰው ትኬት ቢኖረውም በር ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ትኬት ከመንገድ ላይ ነጋዴ አትግዙ፤ ዋጋው እጥፍ ነው፣ ውሸትም ይሆናል። ሦስተኛ፣ ገንዘብና ስልክ በውስጥ ኪስ ይሁን፤ ጎል ሲገባ ሁሉም ይተቃቀፋል፣ ያቀፈ ሁሉ ግን ወዳጅ አይደለም። አራተኛ፣ አብራችሁ የሄዳችሁ ሰዎች ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አምስተኛ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ በሩ አትጋፉ፤ ትንሽ ተቀመጡና ሕዝቡ ይቅለል። ስድስተኛ፣ የሌላውን ቡድን ደጋፊ አትስደቡ፤ ነገ ለቅሶ ላይ ልትገናኙ ትችላላችሁ። ሰባተኛውና የመጨረሻው፣ በእጃችሁ የሰው አደራ ካለ፣ ቁልፍም ይሁን ገንዘብ፣ ለሰው አስረክባችሁ ሂዱ። ወዴት እንደምትሄዱም እውነቱን ተናገሩ። ወደ ደስታ መሄድ ነውር አይደለም። እኔን ያሳፈረኝ ኳስ ማየቴ አይደለም፤ አደራ በኪሴ ይዤ መሄዴና መዋሸቴ ነው።

አሁን ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ዳኛችን የነበሩት ሽማግሌ ሳልነግራቸው አርፈዋል። ያውቁ እንደነበር ይመስለኛል፤ ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ከሦስት ወር በፊት ታዲያ የሟቹ ባለቤት ዘንድ ሄድሁ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ አእምሯቸው ግን ደኅና ነው። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሞጆ እንዳላደርሁ፣ ድምፄም በለቅሶ እንዳልተዘጋ ነገርኋቸው።

ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ፀሐዩን አላስታውሰውም። የአግዳሚውን ነገር ግን አስታውሳለሁ። በእጁ ሠርቶት ለእሱ ለቅሶ ሳይወጣ ቀረ እያልሁ ያን ቀን አልቅሻለሁ።»

ይቅር በሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ። «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን የዋሸኸው ለእድሩ ነው። ለእኔ ብቻ ተናግረህ አትሂድ፤ ለእድሩ ንገር» አሉኝ። ዛሬ የቆምሁት ስለዚህ ነው።

ስለሆነም ሦስት ነገር አመለክታለሁ።

የመጀመሪያው፣ በ1980 ዓ.ም. የተነሣልኝ ቅጣት በሐሰት የተነሣ ስለሆነ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ንብረት ያዥ ሲያጠፋ የሚከፍለውን ሙሉ ቅጣት ለገንዘብ ያዣችን ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። በመዝገቡ ላይ «በአሳማኝ ምክንያት» ከሚለው ጽሑፌ አጠገብ እውነቱ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ፊደሉን አልሰርዝም፤ መዝገብ አይሰረዝም። አጠገቡ ይጻፍ።

ሁለተኛው፣ ከአናጢው አግዳሚዎች ውስጥ አራቱ እስከ ዛሬ በዕቃ ቤታችን አሉ፤ እግራቸው ተናግቷል። እነሱን በራሴ ወጪ አስጠግኜ አስረክባለሁ። ባለቤታቸውም እግዜር ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በሚቀጥለው ጉባኤ ከእነዚያ በአንዱ ላይ ተቀምጠው ለማየት እመኛለሁ።

ሦስተኛው፣ የቴሌቪዥኑ ነገር ነው። ሐሳቤ ይሰቀል የሚል ነው። ስታዲየም ያየሁት ሕዝብ ለደስታ አንድ የሆነ ሕዝብ ነው፤ እድር ደግሞ ለሐዘን አንድ የሆነ ሕዝብ ነው። ሁለቱ አይጣሉም። ነገር ግን ውል ይኑረው። ጡሩምባ በተነፋ ሰዓት፣ ጨዋታው የፍጻሜም ቢሆን፣ ፍፁም ቅጣት ምትም ቢሆን፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ድንኳኑን ቀድመው የሚያነሡት ኳስ ሲያዩ የነበሩት ወጣቶች ይሁኑ። ከዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፎች አንዷም ከእነሱ መካከል ለተመረጠ ሰው ትሰጥ። ቁልፍ የያዘ ሰው ትልቅ ሰው ይሆናል፤ እኔ ዘግይቼም ቢሆን ሆኛለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

 እግዚአብሔር አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን፣ አዝመራችንን ይባርክልን፣ ያለፉትን ነፍስ ይማር፣ ያለነውን ለከርሞ ያድርሰን።